ፊልሙን ለመጨረስ፦ የአንድ ፎቶ ቤት የአርባ ዓመት መዝገብ

(ይህ ጽሑፍ አዳማ ውስጥ ለወጣት ፎቶ አንሺዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ ነው። በዕለቱ በስክሪን የታዩት ፎቶዎች እዚህ ስለማይገኙ ተናጋሪው በቃል የገለጻቸው ብቻ ቀርተዋል።)

የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አብዛኞቻችሁ የመጣችሁት የድሮዋን ናዝሬት ለማየት መሆኑን አውቃለሁ። ጋሪውን፣ ባቡር ጣቢያውን፣ አስፋልት ያልነካውን መንገድ ታያላችሁ፤ አልከለክላችሁም። ከዚያ በፊት ግን ጉርድ ፎቶ ልታዩልኝ ነው፤ ያውም ብዙ ጉርድ ፎቶ። ይህን አስቀድሜ ለአንድ ወዳጄ ስነግረው «ሰው ሁሉ ተነሥቶ ይሄድብሃል» አለኝ። የሚሄድ ይሂድ፤ የሚቀረው ይበቃኛል።

ፎቶዎቹ የአንድ ሰው ሥራ ናቸው። እኚህ ሰው በዚህ ከተማ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ ፎቶ ቤት ከፍተው ኖረዋል፤ እኔም ሥራውን የለመድኩት ከእሳቸው ጨለማ ክፍል ነው። ስማቸውን አልጠራም። ቤተሰቡ ኔጋቲቮቹን፣ ማለትም ታጥበው የወጡትንና ፎቶ የሚታተምባቸውን ፊልሞች፣ ሲያስረክበኝ የጠየቀኝ ነገር ቢኖር ስማቸው በየመድረኩ እንዳይነሣ ነው። የሚያውቃቸው ሰው ገና ኮታቸውን ሲያይ ያውቃቸዋል። እኔ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ በሕይወት ሳሉም ከዚህ ሌላ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም።

በቅድሚያ ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር ልንገራችሁ፤ ዛሬ የምለው ሁሉ ያረፈው እዚያ ላይ ነውና። ካሜራው ባለ ሁለት ዓይን ያሺካ ነው፤ አንሺው አጎንብሶ ከላይ የሚያይበት። ፊልሙ 120 የሚባለው ጥቅል ሲሆን በካሬ፣ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር ሲነሣበት 12 ፎቶ ያወጣል። ደንበኛ ይመጣል፤ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለመንጃ ፈቃድ ጉርድ ይነሣል። አሥር ሰው ከተነሣ በኋላ አንዱ «ለነገ ጠዋት ካልደረሰልኝ ሥራዬ ቀረ» ብሎ ይለምናል። ፊልሙ ግን ገና ሁለት ይቀረዋል። ሌላ ሰው እስኪመጣ ቢጠበቅ ደንበኛው ይቀየማል። እንዲሁ ቢታጠብ ደግሞ ሁለቱ ባዶ ይሆናሉ፤ ጋሼ ባዶ የታጠበ ፊልም ማየት አይወዱም። ገንዘብ የወጣበት ነገር ባዶውን መዋል የለበትም ባይ ነበሩ። ስለዚህ ካሜራውን አንሥተው እስከ በሩ ይሄዳሉ፤ ደጃፉ ላይ ቆመው አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ መንገዱን ያነሡታል። ከዚያ ፊልሙን ያወጡና «በል፣ እጠበው» ይሉኛል።

የዚህ ከተማ የአርባ ዓመት የመንገድ ፎቶ የተነሣው በዚህ መንገድ፣ ፊልም ለመጨረስ ነው። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልከፈለበትም። አብዛኛው በወረቀት ታትሞ እንኳ አያውቅም።

ስለ ከተማይቱ አንድ ሁለት ቃል ልበል። አዳማን ያሳደጋት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ሲሆን በመካከል ያሉት ጣቢያዎች ቀስ በቀስ ገበያ፣ ከዚያም ከተማ ሆኑ። በ1946 ዓ.ም ደግሞ ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እዚህ አፍንጫችን ሥር የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ፤ ብዙ ሳይቆይ የሸዋ ስኳር ፋብሪካ ተከተለ። አገዳ ለመቁረጥ ሰው ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ መጣ። ይህ ሰው ደመወዙን ሲቀበል አዳማ ይወጣል፤ ሸሚዝ ይገዛል፤ ፎቶ ይነሣና አገር ቤት ላሉት ወላጆቹ ይልካል። ማንበብ የሚችል በሌለበት ቤት ደብዳቤ አንባቢ ፍለጋ ያስኬዳል፤ ፎቶ ግን አስነባቢ አይፈልግም። ልጁ በሕይወት አለ፤ ወፍሯል ወይም ከስቷል፤ ሸሚዝ አለው። በቃ።

ነገሩ በእኛ ብቻ የተፈጸመ አይደለም። ማሊ ውስጥ፣ ባማኮ ላይ፣ ሰይዱ ኬይታ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ፎቶ ቤቱን የከፈተው ከባቡር ጣቢያው አቅራቢያ ነው፤ ከዳካር የሚመጣው ባቡር ደንበኛ ያወርድለት ነበር። ለደንበኛው ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ የአውሮፓ ልብስ ያውሳል። ፊልም ውድ ስለነበረ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያነሣው። ከጀርባ የሚሰቅለውን ጨርቅ በየጥቂት ዓመቱ ይቀይር ስለነበር በኋላ ፎቶዎቹ መቼ እንደተነሡ የለየው በጨርቁ ነው። እንግዲህ በ1991 ሥራዎቹ ኒውዮርክ ላይ በአንድ ኤግዚቢሽን ሲታዩ በአንሺው ስም ቦታ የተጻፈው «ያልታወቀ» የሚል ነበር። ያልታወቀው ሰው ግን ባማኮ ውስጥ ቁጭ ብሏል! ሰዎች እዚያው ድረስ ሄደው ስለጠየቁ ነው ስሙ የተገኘው። በ1994 ፓሪስ ላይ ለብቻው ኤግዚቢሽን ተዘጋጀለት፤ በ2001 ሲሞት የዓለም ሙዚየሞች ያውቁት ነበር።

ጋሼ ኬይታ ናቸው እያልኩ አይደለም። ኬይታ ብርሃንን ያጫውተዋል፤ ጋሼ ብርሃኑ ይበቃል ወይ ብለው ብቻ ነበር የሚጠይቁት። ከፎቶዎቻቸው ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ የምኮራበት ጥቂት ነው። ይህን ሳላሽሞነሙን የምናገረው የመዝገባቸው ዋጋ ከውበት ጋር የተያያዘ ስላልሆነ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ፎቶ እንመልከት። ወጣት ነው፤ ኮትና ከረባት አድርጓል፤ ፀጉሩ ተበጥሯል። ለደንበኛው የተሰጠው ይህ ነው፤ ከደረቱ በላይ ያለው። ኔጋቲቩ ግን ካሬ ነው፤ ጋሼ መካከሉን ብቻ ቆርጠው ነበር የሚያትሙት። ሙሉውን ሳወጣው ይኸውላችሁ። የኮቱ እጅጌ ጣቶቹን ሸፍኗል። ከታች የለበሰው ቁምጣ ነው፤ እግሩ ባዶ ነው። በቀኝ በኩል ደግሞ ነጩን መጋረጃ እንዳይወዛወዝ የያዘ የልጅ እጅ ይታያል፤ ከእኔ በፊት የነበረ ረዳት እጅ። የአዳማ ነፋስ በተዘጋ በር ሥር እንኳ ሾልኮ ይገባል። (ያ ነፋስ በኔጋቲቩ ላይ አቧራ እየነሰነሰ ስንት ቀን አስለቅሶናል። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ ሳይ፣ ይህ ሁሉ ጉልበት ነበረህ ለካ ብዬዋለሁ።)

ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው። ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ይሰቀላል፤ ከረባቱ አንዴ ታስሮ አይፈታም፣ በአንገት ይጠለቃል። ቀጣዩን ተመልከቱ፤ ያው ኮት። ቀጣዩም ያው ነው። መምህር ለብሶታል፣ ባለጋሪ ለብሶታል፣ አገዳ ቆራጭ ለብሶታል፣ የቄስ ልጅ ለብሶታል። ግራ ኮሌታው ጫፍ ላይ ትንሽ የተተኮሰ ምልክት አለ፤ ካውያ የነካው። ያ ምልክት የሌለበት ፎቶ ከምልክቱ በፊት የተነሣ ነው። ቀጥሎ አንደኛው ቁልፍ ይጠፋል፤ ከዚያ የማይመሳሰል ቁልፍ ይተከላል። ኬይታ ዓመቱን በመጋረጃ ለየ ብያችኋለሁ፤ እኛ ደግሞ በቁልፍ እንለያለን።

ሁለተኛው እንዲህ ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ቀጥ ብለው ወደ ካሜራው ያያሉ። ባልና ሚስት ናቸው ትላላችሁ፤ ምናልባትም የተኳረፉ። አይደሉም፤ አይተዋወቁም። ፊልም ከገበያ በጠፋበት ጊዜ ጋሼ ሁለት ጉርድ ፈላጊዎችን በአንድ ላይ አስቀምጠው ያነሡና ሲያትሙ ለያይተው ይቆርጧቸዋል። የቀበሌ መታወቂያ የሚያስፈልገው ሰው በበዛበት በዚያ ዘመን፣ በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ፣ በራችን ላይ ሰልፍ ነበር። ስለዚህ በኔጋቲቩ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ያልተነጋገሩ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዲት እናት ይህን ፎቶ አይታ «ይህ ሰውዬ ማነው? አጎቴ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ከጎኑ ያለችው እናቷ ናት። አይደለም ስላት ደስ አላላትም፤ ለጥቂት ቀን አጎት አግኝታ ነበር።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። የዚህች ልጅ ጥርስ ነጭ ነው፤ ያበራል። ኔጋቲቩን በብርሃን ፊት ዘንበል አድርጋችሁ ስታዩት ግን ጥርሷ ላይ የእርሳስ ጭረት አለ። ድሮ ፎቶ ማሳመር ማለት ይህ ነበር፤ በሾለ እርሳስ በኔጋቲቩ ላይ መሥራት። እርሳሱ ያረፈበት ቦታ ብርሃን ስለማያሳልፍ በወረቀቱ ላይ ነጣ ብሎ ይወጣል። ሌላ አገር በዚህ ዘዴ የፊት መጨማደድ ይሸፈናል። ጋሼ ግን እርሳሳቸውን ከሁሉ በላይ የጨረሱት በጥርስ ነው። ምክንያቱን እዚህ ያለን ሁላችንም እናውቃለን። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ወንጂ ላይ ይህ ጉዳት በሐኪሞች ተጠንቶ የታወቀ ነው። እንግዲህ እርሳሱ የተሸከመው መረጃ ይህ ነው። የማን ጥርስ መቼ እንደተቀባ በመዝገቡ ተከታትሎ ማየት ይቻላል፤ ሰዉ በልጅነቱ ምን ዓይነት ውኃ ይጠጣ እንደነበር ይናገራል። ልጅቷ ልትደብቀው የከፈለችበት ነገር ነው ዛሬ ለተመራማሪ ይጠቅማል የምንለው። ይህ አያሳስባችሁም? እኔን ያሳስበኛል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን የጓጓችሁለት መንገድ። ይኸው።

ከደጃፉ ወደ ቀኝ። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ፣ አንድ ፈረስ፤ ማዶ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ ስፌት መኪና የያዘ ልብስ ሰፊ። ከአጥሩ ሥር ሸንኮራ የምትሸጥ ሴት። ወደ ግራ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ግንብና ሰማይ። ከዚህ ፎቶ በኋላ ያሉት ሁሉ ይኸው ናቸው፤ ጋሼ ከደጃፉ አንድ እርምጃ አይወጡም። ግንቡ ላይ መጀመሪያ የመጠጥ ማስታወቂያ፣ ቀጥሎ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት»፣ ቀጥሎ ኖራ፣ ቀጥሎ የሞባይል ማስታወቂያ ይታያል። ሰው ሁሉ በዚህ ግንብ ይገረማል። እኔ ብዙም አልገረምበትም፤ መንግሥት መቼ እንደተቀየረ ለማወቅ ፎቶ አያስፈልገንም፤ ጋዜጣው ጽፎታል።

ጋዜጣው ያልጻፈውን ላሳያችሁ። በቀኝ በኩል ካለው የቦኖ ውኃ የሚመለሱትን ሴቶች እዩ። በጥንቶቹ ፎቶዎች ጀርባቸው ላይ ያለው እንስራ ነው። ቆይቶ የዘይት ቆርቆሮ ይመጣል፤ እንስራና ቆርቆሮ ለብዙ ዓመታት አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ ቢጫው ጀሪካን ብቅ ይላል። (ቢጫ መሆኑን እኛ ስለምናውቅ ነው እንጂ ፎቶው ላይ ግራጫ ነው።) መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሦስት አራት፤ ብዙም ሳይቆይ እንስራ ከመንገዱ ይጠፋል። እንስራ ከባድ ነው፤ የሴት ወገብ ያጎብጣል፤ ከተሰበረ ደግሞ ውኃውም ገንዘቡም ይፈሳል። ጀሪካኑ በገመድ ታስሮ ሁለት ሦስቱ በአህያ ጋሪ ይጫናል፤ ሲጫን ደግሞ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ብቻ መሆናቸው ይቀርና ወንዶች ውኃ ሻጮች ይመጣሉ። ይህን የሚያህል ለውጥ በየቤቱ ገብቶ የትኛውም ጋዜጣ የፊት ገጽ አልሰጠውም። ከደጃፉ በተነሡት ፎቶዎች ግን እንስራው ከቀን ወደ ቀን ሲያንስ ይታያል።

መቼ እንደሆነ እንዴት እናውቃለን? የጉርድ ፎቶው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ጋሼ መንገዱን ሲያነሡ ቀን አይጽፉም፤ ደንበኛ የለምና። ለደንበኛ ግን ይጽፋሉ። በሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ላይ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ መጠን፣ የተከፈለ፣ ቀሪ፣ ቀን። ፊልሙ ሲታጠብ ተቆራርጦ በፖስታ ይገባል፤ በፖስታው ላይ ቁጥሩ ይጻፋል። ስለዚህ ያ ጀሪካን ያለበት ፎቶ ዕድሜው የሚታወቀው በዚያው ቁራጭ ላይ አጠገቡ ባለው ሰውዬ ፊት ነው። ሰውዬው በደብተሩ አለ፤ መንገዱ በሰውዬው በኩል ቀን ያገኛል። ጎረቤቱን ብታጠፉት መንገዱ መቼ እንደሆነ የማይታወቅ መንገድ ይሆናል።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ኔጋቲቮቹ እኔ ዘንድ ከገቡ ወዲህ ለመግዛት የጠየቁኝ ሰዎች አሉ። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው፦ የመንገዱን ስጠን፤ ጉርዱን ተወው፤ ማን ያየዋል? አንዱማ የመንገዱን ፎቶ ከቁራጩ ላይ በመቀስ ለይቼ እንድሸጥለት ጠይቆኛል፤ ካፌ ሊያስጌጥበት። ለካፌው ታትሞ ይሰጠዋል፤ ደስ ይለኛል። መቀስ ግን አይነሣም። አሥሩን ፊት ጥሎ ሁለቱን መንገድ መያዝ የታሪክ ፍቅር አይደለም፤ የጌጥ ፍቅር ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም ያሉት ፊልሞች አጨራረሳቸው ይለያል። ጉርዱ እንደ ወትሮው አለ፤ እንዲያውም በዝቷል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን መንገዱን አያሳዩም። አንዱ ወንበሩ ነው፤ አንዱ መጋረጃው፤ አንዱ ጠረጴዛ ሥር የተኛች ድመት፤ አንዱ የጣሪያ ቆርቆሮ። በእነዚያ ወራት ካሜራ ይዞ ደጃፍ ላይ መቆም ምን እንደሚያስከትል የዕድሜ እኩዮቼ ታውቃላችሁ። ጋሼ ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን አውርተውኝ አያውቁም። የመንገዱ ፎቶ በቀይ ሽብር ወራት የሚለን ነገር የለም፤ ወንበሩና ድመቷ ግን ይላሉ። እነዚህን «ምንም የሌለባቸው» ብሎ የሚጥል ሰው ይኖራል፤ ለዚህ ነው ፊልም ሙሉውን ይቀመጥ የምለው።

መዝገቡ ሁሉን ይዟል ብላችሁ ደግሞ እንዳትታለሉ። ለፎቶ መክፈል ያልቻለ ሰው የሚገኘው በመንገዱ ላይ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ስም የለውም። ሌሊት የለም። የወጥ ቤት ሥራ የለም። ሴቶች ከወንዶች ያነሱ ናቸው፤ ለመታወቂያና ለመንጃ ፈቃድ የሚመጣው ይበልጡን ወንድ ነበርና። ጋሼ ቅዳሜ ገበያ ሄደው አያውቁም፤ ሶደሬ ለመዝናናት ሲሄዱ እንኳ ካሜራውን ቤት ጥለው ነው። ሕይወታቸውን በሙሉ የከተማችንን ኑሮ ሲመዘግቡ ኖሩ የሚል ጽሑፍ አንድ ቦታ አንብቤያለሁ፤ ቢሰሙ ይስቁ ነበር። እሳቸው እንጀራቸውን ነው የሠሩት። እኔ ከእሳቸው የምለየው በአንድ ነገር ነው፦ አርባ ዓመት ከአንድ ደጃፍ ላይ ቆሞ ባዶ ፊልም አልተውም ማለት፣ ስም ይሰጠውም አይሰጠውም፣ ምርጫ ነው። ፊልሙን ጣሪያው ላይ አንሥቶ መጨረስ ይቻል ነበር፤ የጨረሱበት ጊዜ እንዳለም አይተናል።

ጥርሷ በእርሳስ ወደ ነጣው ልጅ ልመለስ፤ አሳስቦኛል ብያለሁና። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ሰውየው ታዋቂ ከሆነ፣ ወይም ባሕላዊና ትምህርታዊ ጥቅም ካለው፣ ወይም በአደባባይ የተፈጸመ ነገር ከሆነ ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። መንገዱ በዚህ ያልፍ ይሆናል። ፎቶ ቤት ገብታ፣ በር ዘግታ፣ ከፍላ የተነሣችው ልጅ ግን አደባባይ ላይ አልነበረችም። በሌላ በኩል የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራ የሚሰጠው የኢኮኖሚ መብት ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው፤ አብዛኛው የጋሼ ሥራ ይህን አልፏል። ወጣቶች ይህን ይሰሙና «እንግዲያው ነፃ ነው፣ እንልቀቀው» ይላሉ። የአንሺው መብት አለቀ ማለት የተነሺው መብት አለቀ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። እኔ የያዝኩት ደንብ ይህ ነው፦ ጉርዱ ለተመራማሪ ይታያል፣ ለቤተሰብ ይሰጣል፣ በማኅበራዊ ሚዲያ አይለቀቅም። ዛሬ ስክሪኑ ላይ ያሳየኋችሁን ጉርዶች ያሳየሁት በቤተሰቦቻቸው ፈቃድ ነው። እባካችሁ በስልካችሁ አታንሡ። አንተ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለኸው፣ አመሰግናለሁ።

ስለ አቀማመጥ ባጭሩ። ኔጋቲቩ የተሠራበት ፕላስቲክ አሴቴት ይባላል። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይፈርስና አሲድ ይተፋል፤ ሳጥኑን ስትከፍቱት አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ያ ሽታ አንዴ ከጀመረ አጠገቡ ያለውንም ያፋጥነዋልና የሸተተውን ከጤነኛው መለየት ግድ ነው። ቀጥሎ ፊልሙ ይሸበሸባል፤ ሥዕሉ ያለበት ሽፋን እንደ አሮጌ ቀለም ይነሣል። የጋሼ ልጆች ደግነቱ ኔጋቲቩን ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር አላስቀመጡትም፤ አልጋ ሥር ነበር፣ ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነው። የቀለም ፎቶዎቹ ይብሳሉ፤ ጨለማ ውስጥ እንኳ ሆነው ሰማያዊው ቀለም ቀድሞ ስለሚጠፋ ሰው ሁሉ ቀልቷል። ቤታችሁ ኔጋቲቭ ካለ ከፕላስቲክ ከረጢት አውጡት፤ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ክተቱት፤ ከሁሉ በታች ያለው ክፍል መሬት አጠገብ፣ ግን ውኃ በማይደርስበት አስቀምጡት። ስካን ማድረግ ጥሩ ነው፤ ስካን ካደረጋችሁ በኋላ ኔጋቲቩን መጣል ግን እብደት ነው።

ወጣት ፎቶ አንሺዎች ደግሞ «ስለ እኛስ ምን ትላለህ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የእናንተን ነገር ሳስብ የሚያስፈራኝ ካርዱ ነው። የሠርጉ ፎቶ ለባለቤቱ ከተሰጠ በኋላ ለሚቀጥለው ሠርግ ቦታ እንዲኖር ይጠፋል። ጋሼ ፊልሙ ባዶ እንዳይቀር መንገዱን አነሡ፤ እናንተ ካርዱ ባዶ እንዲሆን መንገዱን ታጠፋላችሁ። ከየሠርጉ፣ ከየምርቃቱ ሁለት ሦስቷን፣ ሙሽራው የሌለባትን፣ ደጁን የምታሳየዋን አስቀሩ። ከነቀኗ፣ ከነሰፈሯ። ሃርድ ዲስክ ውድ ነው አትበሉኝ፤ የአንድ ሠርግ የአበባ ወጪ አይሞላም።

ከጥያቄዎቹ መካከል አንዱን ብቻ መልሼ ልጨርስ፤ ሰዓቱ ሄዷል። አንዲት መምህርት ይህ ሁሉ ለምን ወደ ቤተ መዛግብት አይገባም ብላ ጠይቃለች። ይገባል፤ መግባትም አለበት። ነገር ግን ስሙ ያልተሟላ ነገር እዚያ ሲገባ በዚያው ስም አልባ ሆኖ ይቀራል፤ አዲስ አበባ ላይ ያለ ባለሙያ የኛን ሰፈር ልብስ ሰፊ ከየት ያውቀዋል? ደብተሩ የያዘው የከፈለውን ነው። በመንገዱ ላይ የሚያልፈውን፣ በረንዳው ላይ የተቀመጠውን፣ መጋረጃ የያዘውን ልጅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ያውም ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ የሆኑት። ስለዚህ ነገ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በዚሁ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ የመንገዱን ፎቶዎች በትንንሹ አትመን እንደረድራለን። እናቶቻችሁንና አባቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ መነጽራቸውን እንዳይረሱ። ሁለት ሰው በአንድ ፊት ላይ ካልተስማማ ሁለቱንም ስም እንጽፋለን፣ ማን እንዳለውም እንጽፋለን፤ ክርክሩን ለኋላ ሰው እንተወዋለን። በፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ክልክል ነው፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል። እርሳስ እኛ ዘንድ አለ።